ነቀዝ፣ ዕዳ እና የ1994ቱ በቆሎ

በ1994 ዓ.ም. ጥር ላይ በቆሎ አምራቹ የኢትዮጵያ ገበሬ ያልጠበቀው ችግር ገጠመው። ዝናቡ ጥሩ ነበር፣ ምርጥ ዘሩና ማዳበሪያው ሠርተዋል፣ ጎተራው ሞልቷል። ችግር የሆነው ራሱ የጎተራው መሙላት ነው። የበቆሎ ዋጋ ተንኮታኮተ። በአንዳንድ አካባቢ የሽያጩ ገንዘብ የማዳበሪያውን ዕዳ እንኳ አልሸፈነም። የማጓጓዣውን ዋጋ ስለማይመልስ ማሳ ላይ የቀረ በቆሎም ነበር።

ዓመት ሳይሞላ ድርቅ ገባ። በ1995 ዓ.ም. ከ13 ሚሊዮን በላይ ሰው የእህል እርዳታ ጠባቂ ሆነ፤ የበቆሎ ዋጋም ተመልሶ ሰማይ ነካ። አምና ገዢ ያጣ እህል ዘንድሮ በገዢ እጅ አልገባ አለ።

በእነዚህ ሁለት ዓመታት መካከል ምን ጎደለ? ብዙ ጊዜ የሚሰጠው መልስ መንገድና ገበያ ነው። እውነት ነው፣ ግን ሙሉ አይደለም። ገበሬው ያጣው ሌላ ነገር ጊዜ ነበር፤ እህሉን ይዞ የመጠበቅ አቅም።

የኋላውን ታሪክ ያየ ሰው ይህ ለምን እንደሆነ ይገባዋል። በደርግ ዘመን የእርሻ ሰብል ገበያ ድርጅት ከገበሬው በኮታና በተቆረጠ ዋጋ ይገዛ ነበር። ያ ሥርዓት በ1982 ዓ.ም. ሲፈርስ ገበሬው የመሸጥ ነፃነት አገኘ። በ1985 ዓ.ም. ሳሳካዋ ግሎባል 2000 የሠርቶ ማሳያ ማሳዎቹን ይዞ መጣ፤ በዚያው ጊዜ ከባኮ ምርምር ማዕከል ቢኤች 660 የተባለው ዲቃላ በቆሎ ወጣ። መንግሥትም ፓኬጁን በአገር ደረጃ አስፋፋው። ዘር፣ ማዳበሪያና ብድር ገበሬው ደጅ ደረሱ። የዘመቻው መለኪያ ግን ከሄክታር ስንት ኩንታል ተገኘ የሚለው ነበር። ከታጨደ በኋላ ያለው ጉዳይ ለአያቶች ጎተራ ተተወ።

ያ ጎተራ ደግሞ ነቀዝን አይመክትም። በተለይ በጅማ፣ በወለጋና በጎጃም ሞቃትና እርጥብ ቦታዎች ነቀዙ ከማሳው ጀምሮ ከእህሉ ጋር ይገባል፤ ወራት ሲያልፉ ፍሬው ዱቄት ይሆናል። አንዳንዱ ገበሬ መድኃኒት ይነሰንሳል፣ አንዳንዱ የሚያጨስ ኪኒን በመኖሪያ ቤቱ ውስጥ ይጠቀማል። ይህ ሰው ይገድላል።

ስለዚህ ገበሬው በታኅሣሥና በጥር ይሸጣል። ሁሉም በአንድ ጊዜ ስለሚሸጥ ዋጋው ይወርዳል። በሐምሌና በነሐሴ ጎተራው ሲራቆት ያው ገበሬ በውድ ይሸምታል። በመካከል ያለው ትርፍ መጋዘን ላለው ነው።

ለነቀዙ መፍትሔ የተገኘው ከሩቅ ነው። በ1980ዎቹ በፈረንጆች አቆጣጠር መጨረሻ የአሜሪካው ፐርዱ ዩኒቨርሲቲ ተመራማሪዎች በካሜሩን ለአተር መሰል ጥራጥሬ ማቆያ አዘጋጁ፤ በኋላ ፒክስ ተባለ። ነገሩ ቀላል ነው። በተለመደው ማዳበሪያ ከረጢት ውስጥ ሁለት ወፍራም ላስቲኮች ይገባሉ፣ አፋቸው በየተራ ይታሰራል። ውስጥ የቀረው ነቀዝ አየሩን ተንፍሶ ይጨርሰዋል፤ መብላትና መራባት ያቆማል፣ ይሞታል። መድኃኒት አያስፈልግም።

ከረጢቱ ግን ብቻውን አይሠራም። በቆሎው በሚገባ ካልደረቀ ውስጡ ይሻግታል፣ አፍላቶክሲን የተባለው መርዝም ይፈጠራል። ስለዚህ መሬት ላይ ከማስጣት ይልቅ ሸራ፣ በዱላ ከመውቃት ይልቅ መፈልፈያ ማሽን ያስፈልጋል። ዋጋውም ከተራው ከረጢት ብዙ እጥፍ ነው።

ከዚህ ሁሉ የሚከብደው ዕዳው ነው። ላስቲክ ነቀዝን ያፍናል እንጂ የብድር ሰብሳቢን ቀጠሮ አያራዝምም። ብድሩ በመከር ማግስት የሚከፈል ከሆነ፣ ከረጢት የገዛውም ገበሬ በጥር ይሸጣል። ይህን ለማስተካከል በ1996 ዓ.ም. የመጋዘን ደረሰኝ አዋጅ ወጣ፤ ገበሬው እህሉን አስቀምጦ በደረሰኙ እንዲበደር። በ2000 ዓ.ም. ሥራ የጀመረው የምርት ገበያም መጀመሪያ ያገበያየው እንደ በቆሎ ያሉ እህሎችን ነበር። ብዙም ሳይቆይ ግን ዋና ሥራው ቡናና ሰሊጥ ሆነ። በቆሎው ወደ ቀድሞ መንገዱ ተመለሰ።

የ1994ቱ ትምህርት ይኸው ነው። ምርት መጨመር የገበሬውን ኪስ የሚሞላው መሸጫ ቀኑን ራሱ ሲመርጥ ነው። ለዚህ ነቀዙም ዕዳውም አብረው መታገሥ አለባቸው። አንዱን ብቻ ያሸነፈ ገበሬ አሁንም የሚሸጠው በሌላው ቀን ነው።