የመጀመሪያው ሌንስ፦ ከቀይ ባሕር እስከ ቆቦ

ሰሞኑን ጅቡቲ የሚሠራ አንድ የቆቦ ልጅ መልእክት ላከልኝ። «ጋሼ፣ ያገለገለ ዲኤስኤልአር ካሜራ ገዛሁ። ባሕር ውስጥ ፎቶ ማንሳት ልጀምር ነው። ገንዘቤ ለአንድ ሌንስ ብቻ ነው የሚበቃው፤ የትኛውን ልግዛ?» ይላል። ከተራራ በሚወርድ ጎርፍ ማሽላ የሚያበቅል አገር ልጅ የባሕር ሌንስ ሲጠይቅ መጀመሪያ ሳቅሁ። ቆይቼ ግን ጥያቄው የራያን ታሪክ የነካ መሰለኝ።

መልሱን ላስቀድም። ውኃ ብርሃን ይበላል። ቀዩ ቀለም በመጀመሪያዎቹ ጥቂት ሜትሮች ይጠፋል፤ በመጨረሻ የሚቀረው ሰማያዊው ነው። ውኃው ውስጥ የሚንሳፈፈው ብናኝም ምስሉን ያደበዝዛል። ስለዚህ ከሩቅ የሚስበው ረጅም ሌንስ እዚያ አይረባም፤ ሕጉ «ቅረብ» ነው። ለመቅረብ ሁለት መንገድ አለ። አንደኛው ሰፊ ማዕዘን ያለው ሌንስ ነው፤ አጠገቡ ደርሰህም የሰመጠውን መርከብ ሙሉውን ያሳይሃል። ነገር ግን ፊቱ ላይ የጉልላት ቅርጽ ያለው መስታወት ስለሚፈልግ ወጪው ይከብዳል። ሁለተኛው ማክሮ ነው፤ 60 ሚሊ ሜትር ገደማ የሆነው፣ ጣት የምታክል ዓሣ ዓይኗን ሳይቀር የሚያሳይ። በጠፍጣፋ መስታወት ይሠራል፣ ትንሽ ብልጭታም ይበቃዋል፤ ለጀማሪ የሚቀለው ይኸኛው ነው።

አንድ ነገር ግን አትርሳ። ከጠለቅህ በኋላ ሌንስ መቀየር አይቻልም። ምን እንደምታይ የምትወስነው ገና ጀልባው ላይ ሳለህ ነው።

ወዳጆች፣ ወደ ራያ የመጡት ካሜራዎችም እንዲሁ ነበሩ።

በ1945 ዓ.ም. አካባቢ ጣሊያናውያን ጠላቂዎች ዳህላክ ደሴቶች ድረስ መጥተው የቀይ ባሕርን ዓሣና ኮራል ቀረጹ። የፎልኮ ኩዊሊቺ ፊልም እ.ኤ.አ. በ1954 ወጣ። ከዚያ በኋላ፣ በ1958 ዓ.ም. ወሎን የመታው ረሃብ ግን ዓለም ሳያየው አለፈ። የባሕሩ ዓሣ ሲታይ የደጋውና የቆላው ገበሬ አልታየም።

በጥቅምት 1966 ዓ.ም. ጆናታን ዲምብልቢ የወሎን ረሃብ ለእንግሊዝ ተመልካች አሳየ። ያው ፊልም ከንጉሡ ግብዣ ምስል ጋር ተቀጣጥሎ መስከረም 1 ቀን 1967 ዓ.ም. ማታ በኢትዮጵያ ቴሌቪዥን ቀረበ። በማግስቱ ንጉሡ ወረዱ። ለማስታወስ የተቀረጸ ምስል ለማውረድ አገለገለ።

አሥር ዓመት አለፈ። ከቆቦ ተነስቶ አላማጣን አልፎ፣ የግራካሕሱን ጠመዝማዛ ወጥቶ የሚገኘው ኮረም፣ ያኔ በወሎ ክፍለ ሀገር ሥር የነበረው፣ የረሃብተኛ ሰፈር ሆነ። ኬንያዊው መሐመድ አሚንና የቢቢሲው ማይክል በርክ እዚያ የቀረጹት ጥቅምት 13 ቀን 1977 ዓ.ም. ታየ። ዓለም ደነገጠ፤ ዘፈን ተዘፈነ፤ ገንዘብና እህል ጎረፈ። ያ ካሜራ ባይመጣ ኖሮ ስንቱ ሰው ባልተረፈ ነበር። አሚንን ማመስገን ይገባናል።

ሰፊው ምስል ግን የተወውም ነበር። በዙሪያው ጦርነት እንደነበር፣ ደርግ የአብዮቱን አሥረኛ ዓመት በድምቀት ሲያከብር እንደሰነበተ፣ ቀጥሎም ሰው በግድ ጭምር ወደ ደቡብና ምዕራብ እየተጫነ እንደሰፈረ ፊልሙን ያየ ሁሉ አላወቀም። ከሁሉም በላይ፣ በዚያ ጭጋግ ውስጥ ብርድ ልብስ ለብሰው የተቀመጡት እነማን እንደሆኑ አልተነገረም። ከየትኛው ቀበሌ መጡ? ስማቸው ማነው? ራያ በዓለም ፊት ሕዝብ ሳይሆን ጥላ ሆኖ ቀረ።

አሚን ራሱ ኅዳር 14 ቀን 1989 ዓ.ም. የተጠለፈው የኢትዮጵያ አየር መንገድ አውሮፕላን ኮሞሮስ ዳርቻ ባሕር ላይ ሲወድቅ ሞተ። ከ175 ሰዎች 125ቱ አለቁ። የአውሮፕላኑን አወዳደቅ ከባሕር ዳር የቀረጸው አንድ አገር ጎብኚ ነበር። እኛ ዛሬም የምናስታውሰው ያንን ምስል እንጂ የሟቾቹን ስም አይደለም።

የመጨረሻው ሌንስ ደግሞ ከሁሉም የራቀው ነው። ከጳጉሜን 4 ቀን 2013 ዓ.ም. ጀምሮ ቆቦ ውስጥ የሕወሓት ተዋጊዎች በርካታ ሲቪሎችን እንደገደሉ አምነስቲ ኢንተርናሽናል በየካቲት 2014 ዓ.ም. ገለጸ። የምስክሮችን ቃል ካጠናከሩት ማስረጃዎች አንዱ በቤተ ክርስቲያን ቅጥር ውስጥ አዲስ የመቃብር ቦታ ያሳየ የሳተላይት ምስል ነው። ሳተላይት የተቆፈረ መሬት ያያል፤ የማን አባት እዚያ እንደተኛ አያይም። ያንን የሚያውቁት የቀበሩት ናቸው።

እናም ለዚያ ልጅ እንዲህ ብዬ መለስኩ፦ ማክሮውን ግዛ። ባሕሩ መቅረብን ያስተምርሃል፤ እስትንፋስህን ሰብስበህ፣ ሳታስደነግጥ፣ አንዷን ዓሣ እስክታውቃት መጠበቅን። ያው 60 ሚሊ ሜትር ደግሞ የብስ ላይ ጥሩ የፊት ሌንስ ነው። ለዓመት በዓል ስትመጣ ይዘኸው ና። በ77 ኮረም ላይ ሃያ ዓመት የነበራቸው ዛሬ ስድሳን አልፈዋል። እናትህ ደጅ ቡና ሲፈላ ቁጭ በል፤ አንድ በአንድ አንሳቸው። ከእያንዳንዱ ፎቶ ጀርባ ስማቸውን፣ የአባታቸውን ስም፣ ከየት ተነስተው ኮረም እንደደረሱና ማንን መንገድ ላይ እንደቀበሩ ጻፍ።

እነሱ ካለፉ በኋላ የሚጠይቅ ቢመጣ የሚያገኘው ያንኑ የኮረም ጭጋግ ብቻ ነው። የምታውቁት ሽማግሌ ካለ፣ እናንተም በስልካችሁ ቢሆን ዛሬውኑ ጀምሩ።