ብየዳ ማስለቀቅ

ሰሞኑን ለኤሌክትሮኒክስ ጀማሪዎች የተዘጋጀ ጽሑፍ ሳነብ «ኢ-ብየዳ» የሚል ቃል ገጠመኝ። እንደ ኢ-ሜይልና ኢ-ኮሜርስ በኢንተርኔት የሚካሄድ ብየዳ መስሎኝ ሳቅሁ። ለካ ከሰርኪዩት ቦርድ ላይ ሊድ አቅልጦ የማንሳት ሥራ ኖሯል! ሁለተኛ ሌላ ቦታ ሳየው ግን ሳቄ ጠፋ።

«ኢ» ከግእዝ የወረስነው አሉታ ነው። ኢ-ፍትሐዊ፣ ኢ-ሰብአዊ ስንል የሌለውን እንናገራለን እንጂ የነበረውን አናፈርስም። በዚህ ሒሳብ «ኢ-ብየዳ» ጨርሶ ካውያ ያልነካው ነገር ነው። አማርኛ የተሠራውን መልሶ ለማፍረስ ፊደል አይለጥፍም፤ ራሱን የቻለ ግሥ ያመጣል። ያሰረ ይፈታል፣ የተከለ ይነቅላል፣ የለበሰ ያወልቃል፣ የሰፋ ይተረትራል። ስፌት የተጣመመበት ልብስ ሰፊ «ኢ-ስፌት» ሲያካሂድ ያየ አለ?

ታዲያ ምን እንበለው? «ንቀላ» የሚሉ አሉ። ነገር ግን መንቀል ጉልበት አለበት፤ ሊዱ ሳይቀልጥ የሚጎትት ጀማሪ ቦርዱ ላይ የተለጠፈችውን ስስ መዳብ አብሮ ይገነጥላታል። «ፍታት» አጭር ነበር፤ ምን ያደርጋል፣ ቀብር ያስታውሳል። ከሁሉ የከፋው ሊድ የደፈነውን ቀዳዳ መክፈትን «ቀዳዳ መብሳት» ማለት ነው። የባለሁለት ገጽ ቦርድ ቀዳዳ እንዲሁ ቀዳዳ አይደለም፤ ግድግዳው በመዳብ ተለብጦ የላዩን መስመር ከታችኛው ያገናኛል። ብሳ የተባለ ልጅ መሰርሰሪያ አንሥቶ ያንን መዳብ ቢልጠው ጥፋቱ የተርጓሚው ነው።

«ትርተራ» ላይ ብዙ ቆየሁ። ስፌት ሲተረተር ክሩ ይወጣል፣ ጨርቁ ይተርፋል፣ እንደገናም ይሰፋል፤ የእኛም ሥራ ይኸው ነው። የተውኩት ትርተራ መስመር ተከትሎ የሚሄድ ስለሆነ ነው። የሊድ ጠብታ አንዲት ነጥብ ላይ ነው የምትቀመጠው።

የእኔ ምርጫ «ማስለቀቅ» ነው። ብየዳ በራሱ ሲከዳ ምን እንላለን? «የበሩ ብየዳ ለቀቀ»። ሙጫም ይለቃል፣ ቀለምም ይለቃል። ሆን ብለን ስናደርገው እናስለቅቃለን። ግሡ ሌላም በረከት አለው። ካፓሲተሩ ወጥቶ ሊዱ ቀዳዳው ውስጥ ደርቆ ሲቀር ውሉ እንዳለቀበት ተከራይ ነው፤ አዲሱ ዕቃ እንዲገባ ቤቱን ማስለቀቅ ያስፈልጋል። ስለዚህ ዕቃውን ከሊዱ፣ ሊዱንም ከቀዳዳው በአንድ ቃል እናስለቅቃለን።

«ሊድ» የሚለው ስም ራሱ ጉደኛ ነው። እርሳስ ማለት ሆኖ ሳለ፣ በጣም ከተለመዱት ዓይነቶች አንዱ 63 በመቶው ቆርቆሮ፣ 37 በመቶው ብቻ እርሳስ ነው፤ በ183 ዲግሪ ሴንቲግሬድ ይቀልጣል። አሁን ደግሞ እርሳስ አልባው መጥቶ «ሊድ የሌለበት ሊድ» እያልን ነው። እሱን ለማቅለጥ ብዙውን ጊዜ 217 ዲግሪና ከዚያ በላይ ያስፈልጋል። አስቸጋሪ ቀዳዳ ላይ ባለሙያዎች መጀመሪያ አዲስ ሊድ የሚጨምሩት ሙቀቱ እንዲተላለፍና አሮጌው ቶሎ እንዲቀልጥ ነው። ሊያወጡት ይጨምሩበታል፤ ለጀማሪ እንቆቅልሽ ነው።

ለመሣሪያዎቹ ስም ለማውጣት ብዙ አልደከምኩም። ዘንጉ ወደ ውስጥ ተገፍቶ በቁልፍ ሲለቀቅ የቀለጠውን እፍ ሳይሆን ስብ የሚያደርገው «መምጠጫ» ነው። ከቀጫጭን መዳብ የተጎነጎነውን አንዳንዶች መልኩን አይተው «ሹሩባ» ብለውታል፤ ደስ ይላል። እኔ ግን «ክር» እለዋለሁ። የኩራዝ ክር ነጭ ጋዙን ወደ ላይ እንደሚስበው ሁሉ፣ ይህም በካውያ ሲሞቅ የቀለጠውን ሊድ በሽቦዎቹ መካከል ባሉት ጠባብ ክፍተቶች ይስባል። ኩራዝ ያየ ሰው ሌላ ማብራሪያ አይፈልግም።

የውጭ ቃል ሁሉ ይውጣ እያልኩ አይደለም። «ካውያ» ከአረብኛ ነው የመጣው፤ ማን ያስለቅቀዋል? ከመምጠጫውና ከክሩ ቀጥሎ ያለው ሦስተኛ ዘዴ ደግሞ ቀዳዳውን በአንድ ወገን እያሞቁ በሌላው የእንጨት ስቴኪኒ መክተት ነው። ሊድ እንጨት ላይ ስለማይጣበቅ፣ ሲቀዘቅዝ ስቴኪኒውን ሲመዙት ቀዳዳው ክፍት ሆኖ ይቀራል። «ስቴኪኒ» ጣሊያንኛ ነው። ምትክ አልፈልግለትም።