የዩኒቨርሲቲ ትምህርት በነጻ ነውን? የወጪ መጋራት ሥርዓትና የተመራቂው ዕዳ

ዓለም ከተማ፦ የ12ኛ ክፍል ብሔራዊ ፈተና ውጤት ታውቆ የዩኒቨርሲቲ ምደባ ይፋ በሚሆንበት ሰሞን፣ ልጅ ባስፈተነ ቤት ሁሉ አንድ ጥያቄ አይቀርም፤ ወጪው እንዴት ይቻላል? በአንድ በኩል “መንግሥት ስለሚያስተምር ምንም አይከፈልም” ይባላል። በሌላ በኩል ልጁ ሻንጣውን ሳያሰናዳ በሬውን ለገበያ የሚያወጣ አባወራ አለ። ሁለቱም የያዙት የእውነቱን ግማሽ ነው። በመንግሥት ዩኒቨርሲቲ በመደበኛ መርሐ ግብር የተመደበ ተማሪ በምዝገባ ዕለት የትምህርት ክፍያ አይጠየቅም። ይሁን እንጂ የወጪው ከፊል በስሙ ዕዳ ሆኖ ይመዘገባል፤ ተመርቆ ገቢ ማግኘት ሲጀምርም ይከፍለዋል። ይህ አሠራር የከፍተኛ ትምህርት ወጪ መጋራት ይባላል።

የአዲስ አበባ ዩኒቨርሲቲ ኮሌጅ በ1943 ዓ.ም ከተከፈተ በኋላ ለግማሽ ምዕተ ዓመት ያህል የከፍተኛ ትምህርት ወጪ በአመዛኙ በመንግሥት ትከሻ ላይ ነበር። ያኔ የዩኒቨርሲቲን ደጅ የሚረግጠው ሰው ጥቂት ስለነበር መንግሥት ችሎት ኖሯል። ተቋማቱ ሲበዙ ግን ነገሩ ተለወጠ። ለሰሜን ሸዋ ቅርብ የሆነው የደብረ ብርሃን ዩኒቨርሲቲ በ1999 ዓ.ም ሥራ ጀመረ፤ ዛሬ በመላ አገሪቱ ያሉት የመንግሥት ዩኒቨርሲቲዎች ከ40 በላይ ናቸው። የወጪ መጋራት በሚኒስትሮች ምክር ቤት ደንብ ቁጥር 91 ተደንግጎ በ1996 የትምህርት ዘመን ተግባራዊ ሆነ፤ በ2000 ዓ.ም ደግሞ ደንብ ቁጥር 154 ተተካ።

የሐሳቡ መነሻ ቀላል ነው። ልጁን ዩኒቨርሲቲ ያላስገባ አርሶ አደርም ግብር ይከፍላል፤ በእርሱ ግብር ተምሮ የተሻለ ገቢ ያገኘ ሰው የተወሰነውን ይመልስ የሚል ነው። አውስትራሊያ እ.ኤ.አ. በ1989 ይህንኑ የመሰለ ከተመራቂው ገቢ በግብር በኩል የሚሰበሰብ ሥርዓት ጀምራለች። በዚያ ግን ገቢው ከተወሰነ ወለል በታች የሆነ ተመራቂ ምንም አይከፍልም።

በኢትዮጵያው ሥርዓት የተማሪው ድርሻ ሦስት ነገሮችን ይይዛል። የመጀመሪያው ከትምህርቱ ወጪ ቢያንስ 15 በመቶ ነው፤ ቀሪውን መንግሥት ይሸፍናል። ሁለተኛውና ሦስተኛው የምግብና የመኝታ ወጪ ሲሆኑ፣ እነዚህን ተማሪው ሙሉ በሙሉ ይሸከማል። ተማሪው በየዓመቱ የወጪ መጋራት ውል ይሞላል። በቅጹ ላይ የሦስቱም ወጪ ግምት፣ አገልግሎቱን በዓይነት ወይም በገንዘብ መውሰዱ፣ እንዲሁም ወደፊት በምን መንገድ እንደሚከፍል ይሰፍራል። ውሉ የሚፈረመው አዲስ ገቢዎች የመኝታ ክፍላቸውን በሚፈልጉበት፣ መታወቂያ ለማውጣት በሚሰለፉበት ግርግር ውስጥ ስለሆነ ብዙዎች ሳያነቡት ይፈርማሉ። የብዙ ዓመት ዕዳ የሚያስከትል ሰነድ እንዲህ መታለፉ ተገቢ አይደለም።

ዋናው ሸክም የትምህርቱ 15 በመቶ ይመስላል፤ ሲሰላ ግን ምግቡ ይበልጣል። ለአንድ ተማሪ የቀን ምግብ የሚመደበው በጀት ለዓመታት 15 ብር ነበር፤ ኋላ 22 ብር ሆነ፤ በ2017 ዓ.ም ደግሞ ወደ 100 ብር ከፍ ብሏል። የገበያው ዋጋ ባለበት ሁኔታ ጭማሪው ለተማሪው እፎይታ ነው፤ በ22 ብር ሦስት ጊዜ መመገብ እንዴት ይቻል እንደነበር ጤፍ የሚሸጥም የሚገዛም ያውቀዋል። ነገር ግን ምግብ ሙሉ በሙሉ የተማሪው ድርሻ በመሆኑ በጀቱ ሲያድግ ዕዳውም አብሮ ያድጋል። አንድ ተማሪ በዓመት 300 ቀን በግቢ ቢመገብ፣ በ22 ብር ሂሳብ የዓመቱ ወጪ 6 ሺህ 600 ብር ይሆናል። በ100 ብር ሲሰላ 30 ሺህ ብር፣ በአራት ዓመት 120 ሺህ ብር ይደርሳል። ይህ ለግንዛቤ የቀረበ ስሌት ነው፤ ተማሪውን የሚያስጠይቀው በፈረመው ቅጽ ላይ የሰፈረው አኃዝ ነው።

የቆይታው ርዝመትም ሂሳቡን ይለውጠዋል። ከ2012 ዓ.ም ጀምሮ የአንደኛ ዓመት የጋራ ትምህርት በመመለሱ፣ ቀድሞ በሦስት ዓመት ይጠናቀቁ የነበሩ የትምህርት ክፍሎች አራት ዓመት ይወስዳሉ። ሕክምና የሚያጠና ተማሪ ደግሞ ከዚያም በላይ ይቆያል።

አከፋፈሉን በተመለከተ፣ ሥርዓቱ ሲዘረጋ የተቀመጠው ተመራቂው ከወር ገቢው ቢያንስ 10 በመቶ እየከፈለ በ15 ዓመት ውስጥ እንዲያጠናቅቅ ነው። ክፍያው ምሩቁ ሥራ እንዲፈልግ የእፎይታ ጊዜ ከተሰጠው በኋላ ይጀምራል። ተቀጣሪ ከሆነ አሠሪው ከደመወዙ ቀንሶ ለገቢ ሰብሳቢው መሥሪያ ቤት ያስተላልፋል፤ የግል ሥራ የሚሠራ ራሱ ቀርቦ ይከፍላል። በወር 10 ሺህ ብር የሚያገኝ ወጣት አንድ ሺህ ብር ቢቆረጥበት፣ ከላይ የተሰላውን የምግብ ወጪ ብቻ ለመጨረስ አሥር ዓመት ይፈጅበታል። ከዚህ ደመወዝ የቤት ኪራይ ለሚከፍልና ለወላጆቹ ለሚልክ ወጣት ቀላል ገንዘብ አይደለም።

በቅድሚያ መክፈል ለሚሹ 5 በመቶ፣ እንደተመረቁ በአንድ ጊዜ ለሚያጠናቅቁ 3 በመቶ ቅናሽ በመጀመሪያው ደንብ ተፈቅዶ ነበር። እዚህ ላይ የበሬው ነገር ይነሳል። የ30 ሺህ ብር አምስት በመቶ 1 ሺህ 500 ብር ነው። ይህን ለማትረፍ ከጥማዱ አንዱን ሸጦ ቀጣዩን ክረምት በመቀናጆ ለማረስ መገደድ የሚያዋጣ አይመስልም። ወላጅ በእጁ ሊያዘጋጅ የሚገባው ሌላ ወጪ ነው፦ የመጓጓዣ፣ የደብተር፣ የልብስና የኪስ ገንዘብ። ዩኒቨርሲቲዎች በጥሪ ማስታወቂያቸው ብርድ ልብስ፣ አንሶላ፣ የትራስ ልብስ፣ የስፖርት ትጥቅና ጉርድ ፎቶግራፍ ይዞ መምጣትን ይጠይቃሉ። ከዓለም ከተማ ተነስቶ የጀማን ሸለቆ ተሻግሮ በሙከጡሪ በኩል ወደ አዲስ አበባ፣ ከዚያም ወደ ሌላ ክልል ለሚመደብ ልጅ የመጓጓዣው ብቻ ራሱን የቻለ ወጪ ነው። እነዚህን የወጪ መጋራት ውል አይሸፍናቸውም።

ዕድሉን የሚያገኙት ጥቂቶች መሆናቸውም መታወቅ አለበት። በ2016 ዓ.ም ብሔራዊ ፈተና 50 በመቶና ከዚያ በላይ ያመጡት 5 ነጥብ 4 በመቶ፣ በ2017 ዓ.ም 8 ነጥብ 4 በመቶ ነበሩ። ከዚያ በታች ካመጡት የተወሰኑት በአቅም ማሻሻያ፣ በተለምዶ ሬሜዲያል በሚባለው መርሐ ግብር ይገባሉ። በማታና በቅዳሜና እሑድ መርሐ ግብር ወይም በግል ኮሌጅ የሚማሩ ግን የትምህርት ክፍያቸውን ከኪሳቸው ይከፍላሉ፤ የወጪ መጋራት አይመለከታቸውም። አዲስ አበባ ዩኒቨርሲቲም ራስ ገዝ ከሆነ ወዲህ የራሱን የመግቢያ ፈተና የሚሰጥ ሲሆን፣ በመንግሥት ወጪ ከሚማሩት ጎን ለጎን ከፍለው የሚማሩ ተማሪዎችን ይቀበላል። ስለዚህ እዚያ ያመለከተ ተማሪ በየትኛው ወገን እንደተመዘገበ አስቀድሞ ማረጋገጥ ይኖርበታል።

ዕዳን በገንዘብ ሳይሆን በአገልግሎት መክፈልም ይቻላል። ለመምህርነት የሠለጠኑ ተመራቂዎች በሙያቸው በማገልገል ዕዳቸውን እንዲያወራርዱ ሥርዓቱ ይፈቅዳል። ለሕዝብ ጥቅም ሲባል የሚመረጡ ሌሎች ሙያዎችም በዚህ ሊካተቱ ይችላሉ። በዚህ መንገድ የሚከፍል ሰው የአገልግሎት ዘመኑን የሚያረጋግጥ ደብዳቤ ከአሠሪው ሊይዝ ይገባል።

ዕዳው ጎልቶ የሚታየው ብዙ ጊዜ ከምረቃ ዓመታት በኋላ ነው። ተመራቂው በምረቃ ጊዜ ጊዜያዊ ማስረጃ ይቀበላል፤ ዋናውን ዲግሪ ለመውሰድ ሲሄድ የወጪ መጋራት ክፍያውን ማጠናቀቁን እንዲያሳይ ይጠየቃል። ለውጭ አገር ትምህርት ወይም ለሌላ ሥራ ዋናው ዲግሪ በአስቸኳይ ሲፈለግ፣ በየወሩ የተቆረጠበትን ገንዘብ የሚያሳይ ማስረጃ ያልሰበሰበ ሰው ቀድሞ ወደሠራባቸው መሥሪያ ቤቶች ሁሉ ይመላለሳል። በየዓመቱ የተፈረመው ውል ቅጂና የክፍያው ደረሰኝ፣ የርስት ማስረጃ ደብተር በሚቀመጥበት ሣጥን ቢቀመጡ ይህ ድካም ይቀራል።