ሚኒሞ

ሚኒሞ ከጣሊያንኛ የመጣ የጋራዥ ቃል ነው፤ እግር ከነዳጅ ፔዳሉ ሲነሳ ሞተሩ ሳይጠፋ የሚዞርበትን ዝቅተኛ ፍጥነት ያመለክታል። በብዙ የቤንዚን መኪኖች በደቂቃ ከ700 እስከ 900 ዙር ገደማ ነው። ሞተሩ በዚህ ፍጥነት ከተንቀጠቀጠ ወይም ከጠፋ “ሚኒሞ አይዝም” ይባላል።

ብዙ ኪሎ ሜትር በሄደ መኪና ቀድሞ የሚጠረጠረው አየር ነው። በራያ ቆላ አቧራው የአየር ማጣሪያውን ይደፍናል፤ ሙቀትና ዕድሜ ያደረቁት የቫኪዩም ጎማ ይሰነጠቅና ትርፍ አየር አስገብቶ የቤንዚንና የአየር ቅልቅሉን ያሳሳል። የማስተካከያውን ብሎን አጥብቆ ሚኒሞውን ከፍ ማድረግ፣ በየመንገዱ የሚዘወተር ቢሆንም፣ ችግሩን ይደብቃል እንጂ አያስወግድም። አየሩ ደህና ከሆነ ተራው ቅልቅሉን በብልጭታ የሚያቀጣጥለው የካንዴላ ነው። የአንዱ ሲሊንደር ካንዴላ ለሙከራ ሥራ እንዲያቆም ሲደረግ የሞተሩ ድምፅ ካልተለወጠ፣ ቀድሞም ያልሠራው እሱ ነው።

ካርቡራቶር ባላቸው አሮጌ መኪኖች ከፍታም ይቆጠራል። 1,500 ሜትር ግድም ላይ ባለችው ቆቦ የተስተካከለ ቅልቅል፣ መኪናው ከአላማጣ በላይ ያለውን ዳገት ወጥቶ ኮረም ሲደርስ አየሩ ስለሚሳሳ ቤንዚን ይበዛበታል፤ ሞተሩም ጥቁር ጭስ እያወጣ ይንገራገጫል።