ግፊትን ስለ መምራት፦ ከአዘዞ ሰማይ እስከ ፎም ሞዴል
ለሕዝብ የቀረበ ንግግር

ከፊቴ ጠረጴዛ ላይ የምታዩት በሬዲዮ የሚመራ የጄት አውሮፕላን ሞዴል ነው። አካሉ ዕቃ ሲታሸግ ከምናየው ነጭ ፎም የተሠራ ነው፤ በሆዱ ውስጥ በባትሪ የሚሽከረከር ትንሽ ማራገቢያ አለ፤ ማራገቢያው አየሩን ከፊት ስቦ በጅራቱ በኩል ይወረውራል። የታሪክ መምህር የልጆች መጫወቻ የሚመስል ዕቃ ይዞ ወደ መድረክ መውጣቱ ሊያስገርም ይችላል። እኔም ብሆን የቴክኖሎጂ ተማሪዎች ይህን ይዘው ወደ ቢሮዬ ሲመጡ «ይህ የእኔ ሙያ አይደለም» ብዬ መልሻቸው ነበር። የዛሬው ንግግሬ ለምን እንደ ተሳሳትሁ የሚያስረዳ ነው።

የተማሪዎቹ ጥያቄ አጭር ነበር። «በዚህ ሞዴል ጅራት ላይ የአየሩን ፍሰት ወደ ላይና ወደ ታች የሚያዞር ተንቀሳቃሽ አፍ ልንጨምርበት ነው። ይህ ሐሳብ ከየት መጣ?» አሉኝ። ጥያቄው የታሪክ ጥያቄ ነውና መሸሽ አልቻልሁም። በሌላ ካልገለጽሁ በቀር የምጠቅሳቸው ዓመታት እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር መሆናቸውን በቅድሚያ አሳስባለሁ።

በመጀመሪያ ነገሩን እንረዳው። ግፊት ስል ሞተሩ አየርን ወይም ጭስን ወደ ኋላ ሲወረውር አውሮፕላኑን ወደ ፊት የሚገፋውን ኃይል ማለቴ ነው። የተለመደው አውሮፕላን ግፊቱን የሚጠቀምበት ወደ ፊት ለመሄድ ብቻ ነው። ለመዞር፣ አፍንጫውን ለማንሣት ወይም ለመድፋት የክንፉንና የጅራቱን ተንቀሳቃሽ ጠርዞች ያዘነብላል፤ ጠርዞቹን የሚገፋቸው በላያቸው የሚያልፈው አየር ነው። ስለዚህ አውሮፕላኑ በዝግታ ሲሄድ አየሩ ይደክማል፤ ጠርዞቹም ይለግማሉ። ፍጥነቱ በግማሽ ቢቀንስ የጠርዙ ጉልበት ወደ ሩብ ይወርዳል። ግፊቱን ራሱን ማዞር ግን ፍጥነትን አይጠብቅም፤ ሞተሩ እስከ ሠራ ድረስ የቆመ አውሮፕላን እንኳ ጅራቱን ማንቀሳቀስ ይችላል። የበረራ ታሪክ በእነዚህ በሁለቱ መልሶች መካከል የተጓዘ ነው፤ አንዱ አየሩን ይለምናል፣ ሌላው ኃይሉን ራሱን ይመራል።

የመጀመሪያው መልስ ማብቂያው ላይ ሲደርስ ካየው ቦታ አንዱ ይህ የእኛ ሰማይ ነው። ጥቅምት 24 ቀን 1941 በጎንደር ከቀሩት ጥቂት የኢጣሊያ አውሮፕላኖች አንዱ የሆነውን ፊያት ሲ.አር. 42 ኢልዴብራንዶ ማላቮልታ የተባለ አብራሪ ይዞት ተነሣ። የደቡብ አፍሪካ አየር ኃይል ግላዲያተር አውሮፕላን ገጥሞ ጣለው፤ አብራሪውም ሞተ። በምሥራቅ አፍሪካ ጦርነት በአየር ላይ ውጊያ የወደቀ የመጨረሻው የኢጣሊያ አውሮፕላን እርሱ ነው። ከአንድ ወር በኋላ፣ ኅዳር 27 ቀን፣ ጄኔራል ናዚ ጎንደርን ለእንግሊዝ ጦርና ለኢትዮጵያ አርበኞች አስረከበ። ሁለቱም ተፋላሚ አውሮፕላኖች ድርብ ክንፍ ያላቸው ነበሩ። በጠባቡ የሚታጠፉት ሰፊ የክንፍ ስፋት ስላላቸውና አየሩ በደንብ ስለሚሸከማቸው ነበር። ዘመናቸው ግን አልፎ ነበር።

ሁለተኛው መልስ በዚያው ጊዜ በጀርመን የባልቲክ ባሕር ዳርቻ በፔኔሙንደ እየተሠራ ነበር። ማላቮልታ ከወደቀ ዓመት ሳይሞላ፣ ጥቅምት 3 ቀን 1942፣ በኋላ ቪ-2 የተባለው ሮኬት ለመጀመሪያ ጊዜ ተሳክቶለት ተወነጨፈ። ሮኬት ከመሬት ሲነሣ ፍጥነቱ ከዜሮ ስለሚጀምር የጅራቱ ክንፎች ምንም የሚይዙት አየር የላቸውም። ስለዚህ ከግራፋይት የተሠሩ አራት መቅዘፊያዎች በራሱ በእሳቱ ፍሰት ውስጥ ተተከሉለት። አሜሪካዊው ሮበርት ጎዳርድ በጋይሮስኮፕ የሚታዘዙ መቅዘፊያዎችን በሮኬት ጭስ ውስጥ አስቀድሞ በ1932 ሞክሮ ነበር። የቪ-2 መቅዘፊያዎች የሚሠሩት ሞተሩ በሚነድባቸው አንድ ደቂቃ ገደማ ብቻ ነው፤ ከዚያ በኋላ ሮኬቱ እንደ ተወረወረ ድንጋይ ነው። ያንን መሣሪያ ያመረቱት በግዳጅ ሥራ የታሰሩ ሰዎች እንደ ነበሩ፣ ከ1944 ጀምሮም በለንደንና በአንትወርፕ ነዋሪዎች ላይ እንደ ወረደ መዘንጋት የለብንም። ኃይልን መምራት መቻልና ኃይልን ወዴት እንደሚመሩት ማወቅ የተለያዩ ነገሮች ናቸው።

ከጦርነቱ በኋላ ሐሳቡ ወደ አውሮፕላን ተሻገረ። በእንግሊዝ ሀገር ፒ.1127 የተባለው የሙከራ አውሮፕላን አራት የሚዞሩ አፎች ያሉት ሞተር ተገጠመለት፤ ጥቅምት 21 ቀን 1960 በገመድ ታስሮ ባለበት ቦታ ከመሬት ከፍ አለ። ከእርሱ የተወለደው ሃሪየር በ1969 በእንግሊዝ አየር ኃይል አገልግሎት ጀመረ። አሜሪካውያንና ጀርመናውያን በአንድነት የሠሩት ኤክስ-31 ደግሞ በ1990 በረረ። በጭስ ማውጫው ዙሪያ ሦስት ጠፍጣፋ መቅዘፊያዎች ነበሩት፤ በ1992 አፍንጫውን ከበረራው አቅጣጫ 70 ዲግሪ ቀና አድርጎ ሳይወድቅ መታዘዝ ችሏል። በዚያ ማዕዘን የተለመደው አውሮፕላን ክንፍ አየሩን ይለቃል፤ አብራሪውም መሪውን በከንቱ ያንገላታል። ሀገራችን በ1998 መገባደጃ የገዛቻቸው ሱ-27 አውሮፕላኖች የጭስ ማውጫቸው አይዞርም፤ የሚዞረው የመጣው በኋለኞቹ የሱኮይ ሞዴሎች ነው።

ከዚህ ታሪክ ውስጥ ለዩኒቨርሲቲ ሰዎች ከሁሉ የሚጠቅመው ግን ከትልልቆቹ አውሮፕላኖች ጋር አብሮ የማይነገረው ክፍል ይመስለኛል። በእስራኤል የቴክኒዮን ዩኒቨርሲቲ መምህር የነበሩት ቤንጃሚን ጋል-ኦር በ1980ዎቹ ግፊትን የመምራት ጥናታቸውን ያካሄዱት በሬዲዮ በሚመሩ ትናንሽ ሞዴሎች ነበር። በ1987 በሚዞር ግፊት የሚታዘዙ ሞዴሎችን ከተማሪዎቻቸውና ከረዳቶቻቸው ጋር አበረሩ፤ በ1990 ስለ ጉዳዩ መጽሐፍ አሳተሙ። ሙሉውን የጦር አውሮፕላን ለመፈተን የመንግሥት በጀትና የአብራሪ ሕይወት ያስፈልጋል። ሞዴሉ ሲወድቅ የሚጠፋው ጥቂት ቁሳቁስና የጥቂት ሳምንታት ድካም ነው። «መጫወቻ» ብዬ የናቅሁት ነገር የታወቀ የምርምር መሣሪያ መሆኑን የተረዳሁት እዚህ ላይ ነው።

አሁን ወደ ጎንደር ልመለስ። ከተማችን ከባሕር ወለል በላይ 2,100 ሜትር ያህል ከፍ ብላ ትገኛለች። በዚህ ከፍታ የአየሩ ጥግግት በባሕር ዳርቻ ካለው 81 በመቶ ገደማ ነው፤ በደባርቅ፣ በ2,850 ሜትር ገደማ፣ ወደ 75 በመቶ ይወርዳል። ስለዚህ አንድ ዓይነት ሞዴል እዚህ ለመነሣት ከባሕር ዳርቻው 11 በመቶ ያህል፣ ደባርቅ ላይ ደግሞ 15 በመቶ ያህል የሚበልጥ ፍጥነት ይፈልጋል። ማራገቢያውም በተመሳሳይ ፍጥነት ቢሽከረከር የሚሰጠው ግፊት በዚያው መጠን ይቀንሳል። የደጋ ሰው ሲበር ሁለት ጊዜ ይከፍላል። ሌሎች ሀገሮች ለፍልሚያ የፈለጉትን ዘዴ ተማሪዎቹ የፈለጉት ለዚህ ነበር፤ በሳሳ አየር፣ በዝግታ ሲነሡና ሲያርፉ የሚለግመውን ጅራት ለማገዝ።

ሥራው እንዲህ ነው። የፎሙ ጅራት ይቆረጣል። ከቀጭን ፕላስቲክ የተጠቀለለ ቱቦ በሁለት ጎን በማጠፊያ ተይዞ ከማራገቢያው በስተኋላ ይገጠማል። አንዲት ትንሽ ሰርቮ ሞተር በቀጭን ሽቦ አማካይነት ቱቦውን ወደ ላይና ወደ ታች ታንቀሳቅሰዋለች። የተጨመረው ክብደት ከኋላ ስለሆነ ባትሪው ወደ አፍንጫው ይገፋል፤ አለዚያ የስበት ማዕከሉ ይዛባል። ሒሳቡም የሚያበረታታ ነው፦ ቱቦው 15 ዲግሪ ሲዞር ከግፊቱ 26 በመቶው ጅራቱን ለመግፋት ይውላል፤ ወደ ፊት ከሚገፋው የሚጎድለው ግን ከ4 በመቶ ያነሰ ነው። በጥቂት ኪሳራ ብዙ ትርፍ ይገኛል። በወጥ ቤት ሚዛን ስንለካው ውጤቱ ከሒሳቡ አነስ ብሎ ተገኘ፤ በማጠፊያው ክፍተት አየር ያፈስ ነበርና።

ሞዴሉን በከተማው ሰማይ ላይ አላበረርነውም። ምክንያቱን መናገር ይገባኛል። የዚህ ሀገር ሰው ሰማይን በፍርሃት ማየት የተማረው ዛሬ አይደለም። ከ1935 መጨረሻ ጀምሮ በተከዜ አካባቢ የመርዝ ጋዝ ከአውሮፕላን ወርዶበታል። በቅርብ ዓመታትም በክልላችን ከላይ ድምፅ ሲሰማ እናቶች ቀና የሚሉት ተገርመው አይደለም። የእኛ የምርምር ደስታ የአንዲት ጎረቤትን ልብ የሚያቆም ከሆነ ምርምሩ ይቆይ። ስለዚህ ሞዴሉን በአዳራሽ ውስጥ በስበት ማዕከሉ ላይ በገመድ አንጠልጥለን ሞከርነው።

ገመዱ ባለውለታችን ሆነ። መሪው «አፍንጫህን አንሣ» ሲለው ሞዴሉ አፍንጫውን ደፋ። ለካ ሽቦውን ከሰርቮዋ ክንድ በተቃራኒው ጎን አስረነው ኖሯል። አፍንጫ እንዲነሣ ፍሰቱ ወደ ላይ መወርወር አለበት፤ ያኔ ጅራቱ ወደ ታች ይገፋል፣ አፍንጫውም ይነሣል። እኛ ግን «ወደ ላይ ለመሄድ ወደ ታች መርጨት» በሚል የዋህ ሐሳብ ተመርተን ነበር። ስሕተቱን ያየችው የታሪክ ተማሪ ናት። ስለ ፒ.1127 ያነበበችውን አስታውሳ «እነርሱም መጀመሪያ ያሰሩት ለዚህ ነው» ስትል አዳራሹ ጸጥ አለ። ያነበበችው ታሪክ ያን ዕለት ሥራ ላይ ዋለ።

ከዚህ ተነሥቼ ለሙያ ባልደረቦቼ አንድ ክርክር ላቅርብ። የኢትዮጵያን የቴክኖሎጂ ታሪክ የምንጽፈው በአብዛኛው እንደ እንግዳ አቀባበል ነው፤ መቼ ገባ? ማን አስመጣው? በማን ዘመነ መንግሥት? የመጀመሪያው አውሮፕላን ነሐሴ 12 ቀን 1921 ዓ.ም. አዲስ አበባ ማረፉን ተማሪ ሁሉ በቃሉ ያውቃል። ከዚያ በኋላ ያለው ጥያቄ ግን ይቀራል፦ ከገባ በኋላ ማን ጠገነው? ማን ቆረጠው? ማን ምን ጨመረበት? በ1935 በአዲስ አበባ በጀርመናዊው ሉድቪግ ቬበር መሪነት የተሠራችው «ፀሐይ» ከኢጣሊያ በጥር 2024 ስትመለስ ስለ ባለቤትነቷ ብዙ ተነጋገርን። ደስታው ተገቢ ነው። ስለ አሠራሯ ግን የዚያን እኩሌታ አልተነጋገርንም።

ዳግማዊ አፄ ቴዎድሮስ በጋፋት ያሠሩትን ሴባስቶፖልን በዚህ ዐይን እንየው። በ1867 የተቀለጠው ይህ መድፍ 7 ቶን ያህል ይመዝናል። ከደብረ ታቦር እስከ መቅደላ በሰው ጉልበት ሲጎተት መንገድ እየተጠረገለት፣ ዳገቱ እየተደለደለለት ነበር። ስለ መድፉ መቅለጥ ብዙ ጽፈናል። መንገዱን የጠረጉት ሰዎች ዕውቀት ግን፣ ማለትም ሸክሙ በየትኛው ተዳፋት ይወርዳል፣ በየትኛው ጠመዝማዛ ይወጣል የሚለው ስሌት፣ ያው የምሕንድስና ሥራ ነው። ኃይልን ማግኘት አንድ ነገር ነው፤ ወደሚፈለግበት ማድረስ ሌላ።

የተናገርሁላችሁም ታሪክ በሙሉ የጭማሪ ታሪክ ነው። የግራፋይቱ መቅዘፊያ፣ የኤክስ-31 ሦስት ሰሌዳዎች፣ የቴክኒዮን ሞዴሎች፣ ሁሉም በነበረ ነገር ላይ የተጨመሩ ናቸው። በዚህ ዓይነት ታሪክ ውስጥ የሚገባ ሰው የመጀመሪያውን አውሮፕላን የሠራ መሆን የለበትም፤ ያለውን ነገር ጉድለት አይቶ መቁረጥ የደፈረ መሆን አለበት።

ስለዚህ ሁለት ነገር እጠይቃለሁ። የቴክኖሎጂ መምህራን፣ ተማሪዎቻችሁ የሚሠሩትን ሁሉ ከነስሕተቱ በማስታወሻ እንዲጽፉ አድርጉልን፤ የነገው የታሪክ ጸሐፊ ምንጩ እርሱ ነው። የታሪክ ተማሪዎች ደግሞ ወደ ጋራዡና ወደ ቤተ ሙከራው ሂዱ፤ የጠጋኞችን ቃል ተቀበሉ። ሞዴሉ ከንግግሩ በኋላ እዚሁ ይቆያል። ሽቦው አሁን በትክክለኛው ጎን ታስሯል፤ መጥታችሁ መሪውን መያዝ ትችላላችሁ። ገመዱን ግን አንፈታውም።