ሄፓሪን፦ በዓይን የማይመዘን መድኃኒት

ገበያ የራሱ ሚዛን አለው። በመርካቶ በርበሬ ተራ ገዢው ዛላውን በመዳፉ አሽቶ ያሸታል፤ በሸማ ተራ ጥለቱን ስቦ፥ ድርና ማጉን በብርሃን አንጻር አይቶ ዋጋ ይቈርጣል፤ ሥርና ቅጠል የሚሸምተውም በሽታና በጣዕም ይለያል። ይህ ከአባት ወደ ልጅ የተላለፈ፥ ሊናቅ የማይገባው ዕውቀት ነው። ይሁን እንጂ በዚያው ሰፈር ከአንድ መድኃኒት ቤት መስኮት ፊት የሐኪም ማዘዣ ይዞ የሚቆም ሰው በዚህ ዕውቀት ሊረዳ አይችልም። ማዘዣው ላይ ሄፓሪን ወይም ኢኖክሳፓሪን ተጽፎ እንደሆነ የሚቀበለው እንደ ውኃ የጠራ ፈሳሽ ነው፤ በዓይንም ሆነ በአፍንጫ ደጉን ከክፉው ሊለየው አይችልም። የዚህ መድኃኒት ታሪክ ሲመረመር ለባለሙያውም ቢሆን ነገሩ ቀላል ሆኖ እንዳልኖረ ያሳያል።

በተለምዶ ‹‹ደም ማቅጠኛ›› ይባላል። ስሙ ለአነጋገር ይመች እንጂ ሥራውን በትክክል አይገልጥም። ሄፓሪን ደምን አያቀጥንም፤ የረጋውንም ራሱ አያሟሟም። በደም ውስጥ የሚገኘውንና አንቲትሮምቢን የተባለውን የተፈጥሮ ተቆጣጣሪ ኃይል እጅግ ያጎለብታል፤ በዚህም አዲስ ርጋታ እንዳይፈጠር፥ የነበረውም እንዳያድግ ያደርጋል። በአፍ ቢወሰድ ከአንጀት ወደ ደም ስለማይገባ የሚሰጠው በመርፌ ብቻ ነው።

የተገኘውም ሌላ ነገር ሲፈለግ ነው። እ.ኤ.አ. በ1916 በአሜሪካ በጆንስ ሆፕኪንስ ዩኒቨርሲቲ የሕክምና ተማሪ የነበረው ጄይ ማክሊን፥ በፕሮፌሰር ዊልያም ሃውል ቤተ ሙከራ ደምን የሚያረጋ ንጥረ ነገር ሲፈልግ ርጋታን የሚከለክል አገኘ። ሃውልም ከጉበት መገኘቱን መሠረት በማድረግ እ.ኤ.አ. በ1918 ጉበት ከሚለው የግሪክ ቃል ‹‹ሄፓሪን›› የሚል ስም አወጣለት። ሆኖም የመጀመሪያው ቅምም ንጹሕ ስላልነበረ ለሰው ለመስጠት አያስደፍርም ነበር። ከኢንሱሊን ግኝት ጋር ስሙ የሚነሣው ቻርልስ ቤስት በቶሮንቶ፥ ኤሪክ ዮርፔስ ደግሞ በስቶክሆልም በየፊናቸው አጣርተውት በ1930ዎቹ አጋማሽ ለሕሙማን መሰጠት ጀመረ። አዲስ አበባም በዚያው አሥር ዓመት ውስጥ በጠላት ወረራ ሥር ነበረች፤ የአራዳውም ገበያ ወደ ምዕራብ ተዛውሮ የዛሬው መርካቶ የተቈረቈረው በዚያን ጊዜ ነው።

መድኃኒቱ ከእንስሳ የሚወጣ መሆኑ እስከ ዛሬ አልቀረም። በመጀመሪያ ከጉበት፥ ቀጥሎ ከከብት ሳንባ፥ በኋላም በብዛት ከዐሣማ አንጀት ሽፋን ይዘጋጅ ጀመር። ምንጩ እንዲህ የተለያየ በመሆኑ ልኩ በክብደት ሳይሆን በሚሠራው ሥራ፥ ማለትም በዩኒት ይለካል። ሞለኪሉን በመከፋፈል የተሠራውና እ.ኤ.አ. ከ1980ዎቹ መጨረሻ ጀምሮ በገበያ ላይ የዋለው ኢኖክሳፓሪን ግን በሚሊግራም ይታዘዛል፤ አንዱ ሚሊግራም 100 ዩኒት ያህል ነው። ይህኛው እንደ ቀድሞው ሄፓሪን በየጊዜው የደም ምርመራ ስለማያሻው ላቦራቶሪ ለሚያጥርበት አገር ይመቻል፤ ኩላሊቱ ለደከመ ሕመምተኛ ግን መጠኑ ሊቀነስ ይገባል። ሁለቱን አንድ አድርጎ መቍጠር፥ ዩኒቱንም ከሚሊግራሙ ማምታታት ሕይወት ያሳጣል።

በኢትዮጵያ የዚህ መድኃኒት ጉዳይ ከእናቶች ሕይወት ጋር በቅርብ የተሳሰረ ነው። በልጅነት የጉሮሮ ሕመም ሰበብ የሚመጣው የልብ በሽታ በወጣቶች ዘንድ ብዙ ነው፤ ሰው ሠራሽ የልብ በር የተገጠመላት ሴት ስታረግዝ በአፍ የሚወሰደው ዋርፋሪን ወደ ፅንሱ አልፎ ሊጎዳው ይችላል። ሄፓሪንና ኢኖክሳፓሪን ግን የእንግዴ ልጁን አያልፉም። ስለዚህ ማዘዣውን ይዞ ከተክለ ሃይማኖት እስከ መርካቶ መድኃኒት ቤቶችን በየተራ የሚያዳርስ ባል ብዙ ጊዜ የሚፈልገው የሁለት ሰዎችን ሕይወት ነው። መድኃኒቱ በውጭ ምንዛሪ ከባሕር ማዶ የሚመጣ ነው። በአዋጅ ቁጥር 553/1999 የተቋቋመው የመንግሥት አቅራቢ ድርጅት ለሕክምና ተቋማት ያከፋፍላል፤ የግል አስመጪዎችና የከነማ መድኃኒት ቤቶችም የበኩላቸውን ድርሻ ይወጣሉ። መደርደሪያው ባዶ በሆነ ጊዜ ግን ገዢው በችግሩ ብዛት ከማንም እጅ ለመቀበል ይገደዳል።

እጥረት ምን ሊያስከትል እንደሚችል ዓለም እ.ኤ.አ. በ2008 አይቷል። ቀደም ብሎ በቻይና በዐሣማዎች ላይ በሽታ ገብቶ ጥሬ ዕቃው ተወዶ ነበር። ከዚያም በጥሬው ሄፓሪን ውስጥ ሰልፌት የበዛበት ኮንድሮይቲን የተባለ ርካሽ ባዕድ ነገር ተገኘ። ይህ ነገር ሄፓሪንን ስለሚመስል የተለመደውን ምርመራ ያለ ችግር አልፎ ነበር፤ በአሜሪካ ብቻ ከሰማንያ ያላነሰ ሞት ከዚሁ ጋር ተያይዞ ተመዝግቧል። ከዚያ በኋላ የምርመራው መስፈርት ተለወጠ። ትልልቅ ቤተ ሙከራዎች የተታለሉበትን ነገር ገዢው በዓይኑ ይለየዋል ብሎ መጠበቅ እንግዲህ ከንቱ ነው።

መድኃኒቱ የሚታመነው በአደራ ሰንሰለት ብቻ ነው፤ ከአምራቹ እስከ አስመጪው፥ ከመጋዘኑ እስከ መስኮቱ። የዚህ ሰንሰለት የመጨረሻው ቀለበት ፋርማሲስቱ ነው። የምርት ቁጥሩንና ማብቂያ ጊዜውን ማረጋገጥ፥ ከተመዘገበ አስመጪ መምጣቱን ማወቅ፥ ከ25 ዲግሪ በማይበልጥ ሙቀት መጠበቁንና በረዶ እንዳልነካው መቈጣጠር፥ የታዘዘው ዩኒት ይሁን ሚሊግራም አስተካክሎ ማንበብ የእርሱ ግዴታ ነው። ምንጩንም መናገር ከዚሁ ግዴታ ይቈጠራል። የዐሣማ ሥጋ በክርስቲያኑም በሙስሊሙም ዘንድ በማይበላበት አገር የጠየቀ ሕመምተኛ እውነቱን ሊነገረው፥ ከሐኪሙና ከሃይማኖት አባቱ ጋርም ተመካክሮ እንዲወስን ጊዜ ሊሰጠው ይገባል። ገዢው መመዘን ያልቻለውን የሚመዝንለት ባለሙያ ሲኖር ነው መድኃኒት ቤት ከሌላው ሱቅ የሚለየው።