የደጋ ልማድ በሐይቅ ዳር፦ ጥሬ ዓሣና ኮሶ በአርሲ

ከጭላሎና ከጋለማ ተራሮች የሚነሡት ጅረቶች ተገናኝተው ከታር ወንዝን ይፈጥራሉ፤ ከታርም ቁልቁል ወርዶ ዝዋይ ሐይቅ ይገባል። አሰላ ከባሕር ጠለል በላይ 2400 ሜትር ገደማ ከፍታ ላይ ስትገኝ የሐይቁ ገጽ 1636 ሜትር ያህል ነው። ርቀቱ ብዙ ባይሆንም ደጋውና ሐይቁ በማዕድ ረገድ ለረጅም ዘመን ተለያይተው ኖረዋል። በከብት ሀብቱ የሚታወቀው የአርሲ ኦሮሞ ዓሣን ከምግብ አይቈጥረውም ነበር። በሐይቁ ደሴቶች የሰፈረው የዛይ ሕዝብ በአንጻሩ እርሻን ከዓሣ ማስገር ጋር አጣምሮ ኖሯል። በ1967 እ.ኤ.አ. በስዊድን ድጋፍ በአሰላ የተቋቋመው የጭላሎ የእርሻ ልማት ድርጅት (ካዱ) እንኳ ዝናውን ያተረፈው በስንዴ፣ በገብስና በወተት ላሞች ነው።

ዛሬ ከዝዋይ የሚወጣው በአብዛኛው ቆረሶ፣ አምባዛና ከውጭ የገባው ካርፕ ነው። ብርቅ እየሆነ የሄደው ቢልጫ ነው። ይህ ዓሣ በዝናብ ወራት ለመራባት ከሐይቁ ወጥቶ ወደ ከታርና ወደ መቂ ወንዞች ሽቅብ ስለሚጓዝ ለደጋው የሚቀርብ እሱ ነው ማለት ይቻላል። ይሁንና በወንዝ አፍ የሚዘረጋ መረብ፣ ለመስኖ የሚጠለፍ ውኃና ከተራራው እርሻ ታጥቦ የሚወርድ አፈር ጕዞውን አሰናክለውበታል። አጥንቱ ብዙ በመሆኑ በገበያ ከቆረሶ እኩል አይፈለግም፤ በመንጠቆ ከዳር ያወጣው ሰው ግን በደስታ ይበላዋል።

የደጋው ሰው ዓሣ መብላት ሲጀምር የራሱን ልማድ ይዞ ወረደ። ጥሬ ሥጋ በአዋዜ የለመደ ሰው ከውኃ የወጣ ዓሣ ተገፎ፣ ሥጋው ከአጥንቱ ተለይቶ፣ በአዋዜና በሎሚ ሲቀርብለት እንግዳ ነገር አልሆነበትም። በስምጥ ሸለቆ ሐይቆች ዳር፣ በተለይም በሐዋሳና በዝዋይ፣ እንዲህ ያለው ጥሬ ዓሣ የታወቀ ምግብ ሆኗል። በጾም ወራት ሥጋ የተወ ምእመን ወደ ዓሣ ፊቱን ስለሚያዞር (ዓሣ በጾም ይፈቀዳል አይፈቀድም የሚለው ክርክር እንዳለ ሆኖ) ፍላጎቱ ይጨምራል።

ለሐኪም አሳሳቢ የሚሆነው ከጥሬው ጋር አብሮ የወረደው የመድኃኒት ልማድ ነው። ጥሬ የከብት ሥጋ የሚያመጣው ቴኒያ ሳጂናታ የተባለው የኮሶ ትል ሲሆን፣ መድኃኒቱም ስሙን ያወረሰው ዛፍ ነው። የኮሶ ዛፍ በአርሲ ተራሮች ይበቅላል። የሴቴው አበባ ደርቆ፣ ተወቅጦ፣ በባዶ ሆድ ይጠጣል። የትሉ ራስ ብዙ ጊዜ ሳይወጣ ስለሚቀር በየሁለት ወሩ ገደማ መድገም የቤተሰብ ሥርዓት ነበር። በ19ኛው ምዕተ ዓመት መጀመሪያ በቁስጥንጥንያ የነበረ ብራዬር የተባለ ፈረንሳዊ ሐኪም ስለ ኮሶ ጥቅም ለአውሮፓ አስታወቀ፤ ኩንት የተባለው የዕፅዋት ሊቅም ተክሉን በሐኪሙ ስም ሰየመው። ኮሶ ግን ጉዳት አልባ አይደለም። መጠኑ ሲበዛ የዓይን ነርቭን እንደሚጎዳ በ1969 እ.ኤ.አ. በኢትዮጵያ ሜዲካል ጆርናል ተዘግቧል። በኋላ የመጡት ኒክሎሳማይድና ፕራዚኳንቴል ትሉን በአንድ ጊዜ ስለሚገድሉ ኮሶን ተክተዋል፤ ከቤት ግን ጨርሰው አላስወጡትም።

የዝዋይ ዓሣ የሚሸከመው ትል የኮሶ ዘመድ አይደለም። ኮንትራሴከም የተባለው ክብ ትል ሲሆን፣ ጎልማሳው እንደ ይብራ ባሉ ዓሣ በል ወፎች ሆድ ይኖራል፤ እጩ በቆረሶ የልብ ከረጢትና በአምባዛ ሆድ ዕቃ ውስጥ ተጠቅልሎ ይገኛል። በሰው ላይ ያደረሰው ሕመም በዓለም የተመዘገበው በጥቂቱ ነው፤ የቅርብ ዘመዱ አኒሳኪስ ግን በሚገባ ይታወቃል። እጩ ከነሕይወቱ ከተዋጠ በጥቂት ሰዓታት ውስጥ የጨጓራ ግድግዳን ወግቶ ኀይለኛ የላይኛው ሆድ ሕመም፣ ማቅለሽለሽና ማስመለስ ያስከትላል። ወደ አንጀት ካለፈ ደግሞ ከትርፍ አንጀት በሽታ ጋር ሊምታታ ይችላል። በዚህ ጊዜ ኮሶ መጠጣት ትሉን አያወጣም፤ የተቈጣውን ጨጓራ ይብስ ያስቈጣል፣ በሽተኛው ወደ ሐኪም የሚደርስበትንም ጊዜ ያዘገያል። ፕራዚኳንቴልም ለዚህ አይረዳም። በጨጓራ የተሰካው እጭ በኢንዶስኮፒ ይወጣል።

በኔዘርላንድ በ1950ዎቹ (እ.ኤ.አ.) ጥቂት ጨው የነካው ሄሪንግ ዓሣ የበሉ ሰዎች በድንገተኛ የሆድ ሕመም ሲወድቁ ምክንያቱ አልታወቀም ነበር። ፋን ቲልና ባልደረቦቹ በ1960 ትሉን ለይተው አሳወቁ። መንግሥትም በ1968 ጥሬ የሚበላው ሄሪንግ አስቀድሞ በበረዶ እንዲደርቅ በሕግ አስገደደ። በሽታው ወዲያው ቀነሰ፣ ሕዝቡም ከልማዱ አልተለየም። ይህ ለሐኪሞች ትልቅ ትምህርት ነው፤ ሰውን የሚወደውን ምግብ ከማስተው አሠራሩን መለወጥ ይቀላልና።

በዝዋይ ዳር ግን ነገሩ እንዲህ አይቀልም። እጩን ለመግደል ዓሣው ከዜሮ በታች 20 ዲግሪ ሴንቲግሬድ ለ7 ቀናት መቆየት ይኖርበታል፤ መረቡን አሁን ስቦ አሁን ለሚሸጥ አስጋሪ ይህ ከአቅሙ በላይ ነው። ሎሚና አዋዜ ጣዕም ይሰጣሉ እንጂ እጩን አይገድሉም። ለአስጋሪው የሚቻለው ዓሣው እንደወጣ ሆድ ዕቃውን ማስወገድ ነው፤ እጩ በብዛት የሚገኘው በዚያ ነውና። ይህ አደጋውን ይቀንሳል እንጂ አያጠፋም፤ በሚገባ የተጠበሰ ወይም የተቀቀለ ዓሣ ግን አያሰጋም። በአሰላም ሆነ በሌላው ደጋ የሆድ ሕመምተኛን የሚመረምር ባለሙያ ጥሬ ሥጋ መብላቱን እንደሚጠይቅ ሁሉ፣ ሰሞኑን ሐይቅ ዳር ወርዶ እንደነበርና ከዚያም ኮሶ መጠጣት አለመጠጣቱን ቢጠይቅ መልካም ነው።